ለከፋ ሲበዛብኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ቤቴ ሳቢያን፣ ሥራዬ ከዚራ ነው። ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት ግን ጥላ ስር ጫት ይዘው የሚቀመጡ ልጆች «አቦ ቆንጆ፣ ፈገግ በይ እንጂ!» ይሉኛል፣ ዝም ካልኩ ስድብ ይከተላል። ሰሞኑን አንዱ ሻሼን ጎተተው። እናቴ «ቀሚስሽን አስረዝሚ» ትላለች።
ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀሚሱን ተይው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድሪያ የለበሰችም ትለከፋለች፣ በዚያ ሙቀት ሽርጥ አገልድሞ የሚያልፈውን ወንድ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «የድሬ ልጅ ተጫዋች ነው» ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ እያለፍሽ እነሱ ብቻ የሚስቁበት ነገር ምኑ ነው ጨዋታ? ዝም ስትያቸው የሚሳደቡትም እኮ መጀመሪያውኑ አድናቆት ስላልነበረ ነው።

ሻሽ መጎተቱን ግን በዝምታ አትለፊው። ስድብና ማዋረድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 615 ያስቀጣል፣ አቤቱታውን የምታቀርቢው ግን ራስሽ ነሽ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ጻፊ። እዚያው ሻይ የምትሸጥ ሴት ካለች ሁሉንም አይታለች፣ ምስክር ትሁንሽ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ የሆነውን ካንቺ አፍ ይስሙት።