ሩጫውን አትተው፣ አስፋልቱን ተወው

አብሽር ወንድሜ። «ኮምቦልቻ ውስጥ በማለዳ አስፋልት ዳር ስሮጥ ራሴን ያመኛል፣ ያስለኛልም። ስፖርቱ መርዙን በላብ ያወጣልኛል ወይስ ልተወው?» ብለሃል። እኔም ስላለፍኩበት ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሐረጎን ዳገት እሮጥ ነበር። ከባድ መኪኖች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ወደ ደሴ ይወጣሉ፣ ጥቁር ጭሱን ይለቁታል። እኔ ከጎናቸው አፌን ከፍቼ እተነፍሳለሁ። ቤት ገብቼ አፍንጫዬን በሶፍት ስጠርግ የድስት ቂጥ ላይ የሚይዘው ዓይነት ጥላሸት ይወጣል። ራስ ምታቱ እስከ ምሳ ሰዓት አይለቀኝም። «ሰውነቴ እስኪለምድ ነው» እያልኩ ቀጠልኩ። ስህተቴ እሱ ነበር።

ቁጭ ስንል በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይበቃናል። ጠንክረን ስንሮጥ ከ60 ሊትር ያልፋል። በዚያ ላይ በአፍ ስለምንተነፍስ አፍንጫ ሊያስቀረው የሚችለው ሁሉ ይገባል። የናፍጣ ጭስ ብናኝ ደግሞ ከፀጉር 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቀጥን ነው፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ባጃጁና የቤንዚን መኪናው የሚለቁት ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ያቀጣጠለ ሰው የሚታፈንበት ጋዝ ማለት ነው። ደማችን ላይ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ንጹህ አየር ላይ ሆነህ እንኳ ግማሹ ለመውጣት 4 እና 5 ሰዓት ይፈጃል።

ላቡን እርሳው። ላብ ሰውነት ማቀዝቀዣ ነው። መርዝ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው።

ማለዳ አየሩ ንጹህ ነው የሚባለውም እኛ ጋ ሁልጊዜ አይሠራም። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ናት። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ጭሱንም አብሮ ይይዘዋል። አንድ ቀን ጠዋት ከዳገቱ ላይ ሆነህ ወደ ከተማው ቁልቁል እይ። ግራጫ ነጠላ የለበሰች ትመስላለች። ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው የሚነሳው።

እኔ ሰዓቴን ወደ ሦስት ሰዓት ገፋሁ። ከአስፋልቱ ወጥቼ በእርሻው መሀል ባለው የእግር መንገድ መሮጥ ጀመርኩ። ከመንገዱ 200 ወይም 300 ሜትር ስትርቅ ጭሱ በጣም ይቀንሳል። ራስ ምታቱ በሁለተኛው ሳምንት ተወኝ። ስፖርቱን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ ለልብህም ለስኳርህም ያስፈልግሃል። የጨርቅ ማስክ አድርጌ ልሩጥ እንዳትል፣ ያን ደቃቅ ብናኝ አይዝልህም።

ሳሉ ቦታ ቀይረህም ካልተወህ፣ ወይም ደረትህ ሲር ሲር ካለ፣ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። አስም ሊሆን ይችላል።