ትርፏን ቁጥር አትናቋት

ልጆቼ፣

አዲስ ሐሳብ ከየት ይመጣል እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የምትልኩልኝ ጽሑፍማ ገና ከርዕሱ «አንስታይን ተሳስቷል» ይላል። ድፍረቱን እወደዋለሁ። ገጹን ገላልጬ አንድም ስሌት ሳጣ ግን እበሽቃለሁ።

እስቲ ሜርኩሪ ስለሚባለው ፕላኔት ላውራችሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ሌላው ፕላኔት ዩራነስ ነበር። የኒውተን የስበት ሕግ በሚያዘው መንገድ አልሄድ አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሌቬሪዬ ሕጉን አልነካም። «ያላየነው ፕላኔት እየሳበው ነው» አለና ቦታውን በወረቀት አስልቶ በርሊን ሰማይ ይመለከት ለነበረው ለጋሌ ጻፈለት። በፈረንጆች 1846፣ ጋሌ ደብዳቤው በደረሰው ዕለት ማታ ኔፕቱንን አገኘው። ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ እንኳ አልራቀም!

ቀጥሎ ሜርኩሪ መጣ። ለፀሐይ በጣም የሚቀርብበት ነጥብ ባለበት አይረጋም፤ ቀስ እያለ ይዞራል። በ100 ዓመት 575 ሰከንድ ያህል ነው። የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ሰከንድ፣ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ። ከዚህ ውስጥ 532 ያህሉን የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ያመጣዋል። 43 ይተርፋል። ሌቬሪዬ በ1859 ያንኑ ዘዴ ደገመና ሌላ ፕላኔት አለ አለ። ቫልካን የሚል ስም ወጣለት። አየነው ያሉም አልጠፉም፤ ሰው የጓጓለትን ማየቱ አይቀርም። ፕላኔቱ ግን የለም።

አንስታይን ከ1907 ጀምሮ ከስበት ጋር ሲታገል ቆየ። ሒሳቡ ሲያጥረው በ1912 የተማሪነት ጓደኛውን ማርሴል ግሮስማንን እርዳኝ አለው። በ1913 አብረው ያወጡት እኩልታ ለሜርኩሪ አልሠራም። በኖቬምበር 1915 በታረመው ሲያሰላ 43ቷ ቁጭ አለች። አንድም ፕላኔት አልጨመረም፤ የቀየረው የስበትን ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የአንስታይንን ጭንቅላት ያደንቃል። እኔ 532ቷንም አደንቃለሁ። ያን አሰልቺ ስሌት በቅጡ የሠራው ሰው ባይኖር 43ቷ ከነጭራሹ አትታይም ነበር። ስለዚህ የድሮውን ፊዚክስ ያረጀ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። መልመጃውን በእጃችሁ ሥሩት፤ ኮምፒውተሩ ኋላ ይደርሳል።

ሕጉን ልቀይር ወይስ ያልታየ ነገር ልጨምር ለሚለው ቀመር የለኝም። ሌቬሪዬ በአንድ ዘዴ አንዴ መታ፣ አንዴ ሳተ። ዛሬም በጋላክሲዎች ጠርዝ ያሉ ከዋክብት በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ከሚጠበቀው በላይ ይፈጥናሉ። አብዛኛው ባለሙያ የማይታይ ቁስ አለ ይላል፤ ጥቂቱ ሕጉ ይታረም ባይ ነው። እኔ ወደ ማይታየው ቁስ አደላለሁ። ደመወዜን ግን አላስይዝም።