ጋዝ ከመርገጣችሁ በፊት አድምጡ

ልጆቼ፣

የድሮ መኪና የምትወዱ ወጣቶች ስታገኙኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» አልፈርድባችሁም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ዕድሜዬን ኮፈን ሥር ከጨረስኩ በኋላ ግን የምወደው ሞተር የቱ እንደሆነ ስጠየቅ ጉልበት አልቆጥርም። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተሰደሩበት ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝግታ) ሲሠራ እጃችሁን አሳርፉበት። ይነዝራል። በሲሊንደሮቹ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ የተቻቻሉ ይመስላል፤ ግን አልተቻቻሉም። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ሲዞር ያዘነብላል። ስለዚህ ፒስተኑ የላይኛውን ግማሽ መንገድ ከታችኛው ፈጠን ብሎ ነው የሚጨርሰው። ያቺ ልዩነት ክራንክሻፍቱ አንዴ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ትገፋለች። በአንዳንድ ትልልቅ ባለ አራቶች ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች የሚሽከረከሩት እሷን ለማጥፋት ብቻ ነው።

የረድፍ ስድስቱ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። አንደኛውና ስድስተኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሦስቱ ጥንዶች በ120 ዲግሪ ተራርቀዋል። አንዱ ጥንድ የሚገፋውን ሁለቱ ይመልሱታል። የፊተኛው ግማሽ የኋለኛው መስታወት ስለሆነ ደግሞ ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይወዛወዝም። እሳቱ 1-5-3-6-2-4 እያለ በየ120 ዲግሪው ይነሳል፤ አንዱ ገፍቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይቀበለዋል። ጸጥታው ከሒሳብ የመጣ ነው። ወረቀት አምጡና ራሳችሁ ሥሉት። (ሳይንና ኮሳይን ምን ይጠቅመኛል ብሎ ከክፍል የሚወጣ ልጅ ካያችሁ ይህን አሳዩት።)

ይህ ሒሳብ የት የት እንደደረሰ ተመልከቱ። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየው ኤክስኬ የተባለው ስድስት፣ በ1950ዎቹ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን አምስት ጊዜ አሸነፈ። ያው የሞተር ቤተሰብ እስከ 1992 ድረስ ትልልቅ ሊሞዚኖችን በቀስታ ሲጎትት ኖረ። ሩጫና እርጋታ ከአንድ ቤት ወጡ ማለት ነው። መርሴዲስ በ1954 ለ300 ኤስኤል ስድስቱን ሲሠራ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሞተሩን በ50 ዲግሪ ወደ ጎን አጋደመው። መለወጥ ያሰበ አልነበረም፣ ማስተኛት ይሻላል ብሎ ነው። የላንድ ክሩዘሩን ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዜድን፣ የነዳው ያውቀዋል። አይቸኩልም፤ ግን አይቆምም።

አሁን ወደ እናንተው ፍቅር ልምጣ፣ ወደ ቶዮታው የረድፍ ስድስት ሞተር፣ ወደ ቱ ጄ ዜድ። ስለ 1000 የፈረስ ጉልበት ስታወሩ እሰማለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ክራንክሻፍቱ በሰባት ቦታ ላይ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ግራና ቀኝ ማረፊያ አለ። ብሎኩ ብረት ነው። የፒስተኑ ስፋትም ጉዞውም እኩል 86 ሚሊሜትር ነው። የጉልበቱ መነሻ ይኼ ነው፤ ተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሚጨምረው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አመሰገንኩ ብላችሁ እንከን የለውም እንዳትሉኝ። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ረጅም ዘንግ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ይጠማዘዛል። ከፊት ያለው ጎማ የተቀበረበት ከባድ ፑሊ የተቀመጠው ያን ጥምዘዛ እንዲያስታግስ ነው። አውጥታችሁ የሚያብረቀርቅ ቀላል አሉሚኒየም አትክተቱ። ስንት ልጅ እንደመከርኩ፣ ስንቱ እንዳልሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ረጅም የሆነው ቴስታታም፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ፣ ሲግል ይጣመማል። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ የጋለ ስድስት መጣልኝ። በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየርኩ፣ ብሎኖቹንም ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ወደ ሌላው እያጠበቅኩ ሄድኩ። መጥበቅ ያለባቸው ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በሳምንቱ መኪናው በገመድ ተጎትቶ ተመለሰ። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ቡና መስሏል። አለቃዬ አልተቆጣም። ቴስታታውን አወረደ፣ ቀጥ ያለ ብረት አጋደመበት፣ ከኋላ በባትሪ አበራ። ብርሃኑ መሃል ላይ ሾልኮ ወጣ። «መጀመሪያ ይህን ማየት ነበረብህ» አለኝና ሄደ። እስካሁን ያለ ቀጥ ብረት ቴስታታ አልመልስም።

ፋብሪካዎችም ከርዝመቱ ሸሽተው ነበር። ሲሊንደሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው በቪ ቅርጽ የሚቆሙበት ቪ ስድስት አጭር ስለሆነ በጎንም ይገባል፣ ለግጭት መከላከያም ቦታ ይተዋል። መርሴዲስ በ1990ዎቹ ረድፉን ትቶ ወደ ቪ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ተመለሰ። ማዝዳም በ2022 አዲስ የረድፍ ስድስት ይዞ መጣ። ቢኤምደብልዩ ግን ከ1933 ጀምሮ የሙጥኝ ያለ ነው፤ በመሃል ካቋረጠባቸው ዓመታት በቀር።

የድሮ ስድስት ልትገዙ ከሄዳችሁ ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ስለሚችል ሌላ ቀን ተመለሱ። የዘይቱን ክዳን ክፈቱና ከሥሩ ነጭ አረፋ መኖሩን እዩ። ከዚያ አስነሱት፣ ጋዝ ግን አትርገጡ። እስኪሞቅ ቁሙና አድምጡ። ሚኒሞው ሲረጋ አንድ ሳንቲም በጠርዙ ሞተሩ ላይ አቁሙ። ከወደቀ ከስድስቱ አንዱ አኩርፏል፣ ወይም ሞተሩ የተቀመጠበት ጎሚኒ አልቋል። ከቆመ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።