ሁለት ዙር ገብቶ የሚነክስ ፍሪዊል

ፓሪስ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ፔዦ ብስክሌት ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው። የኋላው ፍሪዊል (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክፍል) ጥርሱ ስላለቀ ፈትቼ አዲስ አመጣሁ። በእጄ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል፣ አልዞር ይላል። ሻጩ ‹በቁልፍ ጠበቅ አድርገው፣ ይገባል› አለኝ። ላጥብቀው?»

ኧረ በፍጹም! ቁልፉን አስቀምጥ። ፍሪዊሉም ሞዞውም (ፍሪዊሉ የሚታሰርበት የቸርኬው መሃል) ጤነኛ ናቸው፤ ፊሌታቸው፣ ማለትም እንደ ብሎን የሚጠማዘዘው ጥርሳቸው ነው የማይገናኘው።

የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ ፊሌቱ 34.7 ሚሊሜትር ዲያሜትር አለው። ከአንዱ ፊሌት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ፍሪዊል ደግሞ 34.92 ሚሊሜትር ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ፊሌት አለው። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን በ10 ሚሊሜትር ርዝመት ያንተ ሞዞ 10 ፊሌት ሲኖረው አዲሱ ፍሪዊል ያለው ዘጠኝ ተኩል ገደማ ነው። አዲሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል መጀመሪያ ላላ ብሎ ይገባል፣ ቀጥሎ ይነክሳል።

በኃይል ካጠበቅከው ሊገባ ይችላል። ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸህም። ጉዱ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። እኔም ሥራ ስጀምር ይህንኑ አድርጌዋለሁ። ደንበኛው ሦስት ቀን ነዳበት። በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነስቶ ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ፍሪዊሉን ሳወጣው የሞዞው አሉሚኒየም ፊሌት እንደ ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎ ውስጡ ቀርቷል። ሞዞውን ከኪሴ ከፈልኩ።

ልዩነቱን ዲያሜትር በሚለካ ካሊፐር ለማወቅ አትድከም፤ ያረጀ ፊሌት ልኩን አይናገርም። የሚታየው በፊሌቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። የፊሌት መለኪያ ከሌለህ አንድ ዘዴ ላሳይህ። የፔዳሉ አክስል መሃል ፍሬሙ ላይ የሚቀመጥበት ኩባያ አለ አይደል? የእንግሊዝ ልክ የሆነው በኢንች 24 ፊሌት ነው። ጥገና ቤት ሂድና የተጣለ አንድ እንዲሰጡህ ጠይቅ። የኩባያውን ፊሌት ከሞዞው ፊሌት ጋር ጎን ለጎን ግጠምና ወደ መስኮት ያዘው። ከዳር እስከ ዳር ጥርስ በጥርስ ከገባ 24 ነው። እየተሳሳተ ሄዶ ብርሃን ካሾለከ የፈረንሳይ ነው።

አዲስ አበባ ሥራ ስለምድ እጄ የሚገቡት አሮጌዎቹ የጣሊያን ነበሩ። የጣሊያኑ 35 ሚሊሜትር ቢሆንም በኢንች 24 ስለሆነ ከዛሬው ፍሪዊል ጋር ይግባባል። ብቻ እሱንም አንዴ የጣሊያኑን፣ አንዴ የዛሬውን ፍሪዊል እያፈራረቁ ሲያስሩበት ፊሌቱ ይደክማል።

ወዳንተ ስንመለስ፣ መፍትሔው የፈረንሳይ ፊሌት ያለው ፍሪዊል መፈለግ ነው። አገሩ ላይ ስለሆንክ ከማንም ይልቅ ይቀልሃል። ማያር ወይም አቶም የሚባል የድሮ ስሪት ታገኛለህ፤ ግን ስሙን አይተህ አትመን፣ እነሱም በሁለቱም ልክ ሠርተዋል። ሞዞውን ይዘህ ሂድ። ግራሶ ቀባ አድርግና በጣትህ ብቻ አዙረው። ያለ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ካልገባ አትክፈል።

ካጣህ ሙሉ ቸርኬውን ቀይር። ከመግዛትህ በፊት የኋላው ሹካ ውስጡን ለካ፤ ፍሪዊሉ ባለ 5 ማርሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 120 ሚሊሜትር ነው። 126 ሚሊሜትር የሆነ ሞዞ ብታገኝ የብረት ፍሬም ትንሽ ሊከፈትለት ይችላል፤ እሱን ግን ለባለሙያ ስጠው። ሞዞውን ቶርኖ ቤት ወስዶ በኢንች 24 እንደገና ማስቆረጥ የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። 34.7ን 34.92 የሚያደርግ ብረት ከየት ይመጣል?

አሁን የነከሰውን ፍሪዊል ቀስ ብለህ ወደ ግራ መልሰው። የሞዞውን ፊሌት በጥርስ ብሩሽና በናፍጣ አጽዳና ጥፍርህን አስኪድበት። የብረት ብናኝ ከሌለና ጥፍርህ የትም ካልተያዘ ሞዞህ ተርፏል።