ጌታን ማን አይቶ ሳለው? ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ጥያቄና መልስ

ካህንም ሰዓሊም አይደለሁም፤ የቆዩ የክርስትና ሥዕሎችን መከታተል ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። «ጠይቁኝ» ብዬ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንጌል ስለ ጌታ መልክ ምን ይላል?

ምንም። ቁመቱን፣ የቆዳውን ቀለም፣ የጸጉሩን ርዝመት አንዱም ወንጌላዊ አልጻፈም። ይሁዳ «የምስመው እርሱ ነው» ብሎ ምልክት መስጠቱን ይዘው «ከደቀ መዛሙርቱ በመልክ አይለይም ነበር ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ሌሊት ስለነበረ እኔ ይህን ክርክር ብዙም አልደገፍበትም። የጥንት አባቶችም አልተስማሙበትም። ተርቱሊያን የኢሳይያስን «መልክና ውበት የለውም» ይዞ መልኩ ተራ ነበር ሲል፣ ጀሮም ደግሞ በተቃራኒው ፊቱ ሰማያዊ ግርማ እንደነበረው ጽፏል። ሁለቱም የኖሩት ከጌታ ዘመን በኋላ ነው፤ ያየ የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ረጅሙ ጸጉርና ጺሙ ከየት መጣ?

ከሥዕል። ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ሶርያ ውስጥ ዱራ ዩሮፖስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ ተራ መኖሪያ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለውጦ ተገኝቷል። በመጠመቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተሳለ የሽባው ፈውስ አለ፤ ሽባው መጀመሪያ ተኝቶ፣ ቀጥሎ አልጋውን በጀርባው አዝሎ ሲሄድ ይታያል። ከላይ እጁን የዘረጋው ኢየሱስ ጸጉሩ ያጠረ፣ ጺም የሌለው ወጣት ነው። ያለ ጽሑፍ የሚያሳውቀው ተአምሩ እንጂ ፊቱ አይደለም።

ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ውስጥ በኮሞዲላ የመቃብር ዋሻ ዛሬ የለመድነው ፊት ይመጣል፦ ጺም፣ ትከሻ ላይ የወረደ ጸጉር፣ ግራና ቀኙ አልፋና ኦሜጋ። በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ጺም የፈላስፋ፣ እንዲሁም የአማልክቱ አለቃ የዜውስ መለያ ነበር። ሰዓሊዎቹ «መምህር ነው፣ ገዢ ነው» ለማለት ተመልካቹ የሚያውቀውን ምልክት ተዋሱ። ሁለቱ መልኮች ግን ረጅም ጊዜ አብረው ኖረዋል። ጣሊያን ራቬና በሚገኘው የአዲሱ ቅዱስ አፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ አለ፤ በአንዱ ግድግዳ ተአምራት የሚያደርገው ኢየሱስ ጺም የለውም፣ ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ መከራ የሚቀበለው ባለ ጺም ነው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ! ማንም «የትኛው ነው ትክክሉ?» ብሎ የተጨነቀ አይመስልም።

በነገራችን ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ለወንድ ረጅም ጸጉር ነውር ነው ብሏል። ሰዓሊዎች ይህን አልሰሙትም።

ጥያቄ፦ ሌንቱሉስ የሚባል ሮማዊ ሹም መልኩን ዘርዝሮ የጻፈው ደብዳቤ እውነት ነው?

አይደለም፤ የመካከለኛው ዘመን ፈጠራ ነው። ጸጉሩ መሃል ለመሃል የተከፈለ፣ ጺሙ ሁለት ላይ የተሰነጠቀ ይላል፤ ጸሐፊው በዘመኑ የነበረውን ሥዕል እያየ እንደ ጻፈው ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ነጩ ኢየሱስ የፈረንጆች ተንኮል አይደለም ወይ? በግልጽ መልስልኝ።

ግማሹን እቀበላለሁ። ራስን መምሰል የሁሉም ሕዝብ ጠባይ ነው። ፔሩ፣ ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ዛፓታ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሳለው የመጨረሻ እራት ላይ ገበታው መሃል የተቀመጠው ኩዪ የምትባለው የአገሩ ትንሽ እንስሳ ጥብስ ነው። የሜክሲኮዋ የጓዳሉፔ እመቤታችን ጠይም ናት። ልዩነቱ ያለው ሥርጭቱ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዋርነር ሳልማን በ1940 የሳለው ባለ ወርቃማ ብርሃን ፊት በመቶ ሚሊዮኖች ታትሞ ዓለምን ሞላ። ማተሚያውና መርከቡ በማን እጅ እንደነበር እናውቃለን። ሬምብራንት ግን እዚያው አውሮፓ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አምስተርዳም ከሚኖሩ አይሁድ አንዱን አስቀምጦ የክርስቶስን ፊት እንደሳለ ይታመናል።

አንተን የሚያከራክርህ ግን የኑቢያው (የዛሬው ሰሜን ሱዳንና ደቡብ ግብፅ) ሥዕል ነው። የአስዋን ግድብ ውኃ ሳይውጠው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፋራስ ከሚባል ቦታ ከወጡት የግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ጳጳሱን ጴጥሮስን ያሳያል፤ ፊቱ ጥቁር ቡናማ ነው። ከኋላው ቆሞ ትከሻውን የያዘው ሐዋርያው ጴጥሮስ ደግሞ ነጣ ያለ። የሳለው ፈረንጅ አይደለም፣ የሚጸልይበትም አፍሪካዊ ነው። እኔ ራስን መጥላት አላየሁበትም፤ ጳጳሱን ሕዝቡ ያውቀዋል፣ ስለዚህ እንደ መልኩ ሳሉት፤ ሐዋርያውን ግን ከባይዛንታይን፣ ማለትም ከምሥራቁ የሮም መንግሥት፣ በመጣው አሣሣል ሳሉት።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ማርያም ለምን አለች?

አንዷ የጧፍ ጭስና ያረጀ ቫርኒሽ ያጠቆራት፣ ሌላዋ ከመጀመሪያው ጥቁር ሆና የተሠራች፤ አንድ መልስ የለውም። የፖላንዷ የቼንስቶኾቫ ማርያም ጉንጭዋ ላይ ጠባሳ አለ፤ በ1430 ገዳሙን የዘረፉ ሰዎች ያደረሱት ነው። ዛሬ የሚታተመው ቅጂ ሁሉ ጠባሳውን ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ሥዕል ላይ አንዳንዶቹ ሰዎች አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ለምንድን ነው? ሥዕሉስ ከውጭ ምንም አልወሰደም?

በተለመደው ሥርዓት ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሳላሉ፤ ሰይጣንና አሳዳጆች ግን በጎን፣ ስለዚህ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ውጭው ደግሞ ገብቶበታል። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይሄዱ የነበረው፣ እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ የወሰዱት «ኩርዓተ ርእሱ» የሚባለው የክርስቶስ ሥዕል አሣሣሉ አውሮፓዊ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት የአገር ሰዓሊ እየቀዳ የራሱ አድርጎታል!

ጥያቄ፦ ጴጥሮስና ጳውሎስን በምን እንለያቸው?

ቁልፍና ሰይፉን ተዉትና ጸጉር እዩ። ጴጥሮስ ጸጉረ ጥምዝ፣ ጺሙ አጭር፤ ጳውሎስ ራሰ በራ፣ ጺሙ ሾጠጥ ያለ። የጳውሎስ መልክ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የጳውሎስና የቴክላ ታሪክ ላይም ሰፍሯል፦ አጭር፣ ራሰ በራ፣ እግሩ ደጋን፣ ቅንድቡ የተጋጠመ። እንዲህ ያለ መልክ ማንም ለማሳመር ብሎ የሚፈጥረው አይመስልም፤ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሙሴ ቀንድ አለው እንዴ? ማይክል አንጄሎ ቀንድ ሠርቶለታል።

ትርጉም ነው ያመጣው። ሙሴ ከሲና ሲወርድ ፊቱ አበራ የሚለው የዕብራይስጥ ግስ ከ«ቀንድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ግዕዙም ቀንድን «ቀርን» ይለዋል። ጀሮም ወደ ላቲን ሲመልሰው «ቀንዳም» አለው።

ጥያቄ፦ እውነተኛ መልኩ በኮምፒውተር ተገኘ ሲባል ሰምተናል።

በ2001 ቢቢሲ ያቀረበው ፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ አይሁዳዊ የራስ ቅል ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። የጎረቤት ፊት በሉት። ጠይም፣ ጸጉሩ አጭርና የተጠቀለለ መሆኑ ከሳልማን ይልቅ ለእውነት ይቀርባል፤ ግን እርሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ ሥዕል ብቻ እዩ ብትሉን የትኛውን?

በሲና የቅድስት ካትሪን ገዳም ያለውን፣ በሰም ቀለም የተሳለውን የ6ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቶስ። ባይዛንታይን ሥዕል ባስከለከለበት ዘመን ሲና በሙስሊሞች ግዛት ውስጥ ስለነበረ ተርፏል። ፎቶውን ስታገኙ በመዳፋችሁ መጀመሪያ ለእናንተ በስተቀኝ ያለውን የፊቱን ግማሽ ሸፍኑ፤ በሚባርክ እጁ በኩል የቀረው ዓይን የተረጋጋ ነው። አሁን መዳፋችሁን ወደ ሌላው አዙሩት፤ ወንጌሉን በያዘበት በኩል ቅንድቡ ተነሥቷል፣ ጉንጩ ጠቁሯል።