ካርዴ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የነፍሰ ጡሮች ጥያቄና የአዋላጅ ነርስ መልስ

ከሰሜን ሸዋ የተለያዩ ወረዳዎች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ዛሬ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የምርመራ ካርዳችሁ ላይ የተጻፈው ሳይገባችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። እባካችሁ ክፍሉን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

«ሲስተር፣ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ደምሽ ኦ ኔጌቲቭ ነው ተባልኩ። አማቴ ይህን ሰምተው ‹ሾተላይ ነው፣ ጠበል ልውሰድሽ› አሉኝ። ልጄ ይሞትብኛል?» (ከደብረ ሲና)

አይዞሽ። ኔጌቲቭ ማለት አርኤች የሚባለው ምልክት በደምሽ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ፖዘቲቭ ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው። ችግር የሚመጣው ያንቺ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ ደምሽ ሲገባ ሰውነትሽ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ሰውነትሽ የሠራው ያ መከላከያ የሚያጠቃው ተከታዮቹን ነው። «ልጅ አይበረክትላትም» ሲባልባቸው ከኖሩ እናቶች አንዳንዶቹ ችግራቸው ይኸው ነበር።

ይህ እንዳይደርስ የሚያደርገው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ውርጃ ካጋጠመም ሐኪም ጠይቂ። አንቺ አሁን ጊዜው ላይ ነሽ፤ መርፌው በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ስለሚችል ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂ። ባልሽም ይመርመር፣ እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ስጋት የለም። ጠበሉን ጠጪ፤ መርፌውን ግን እንዳትተዪ።

«ልጄ፣ ምራቴ ወሯ ገብቷል። ፊቷና እጇ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗንም ብዥ ይልባታል። ጤና ጣቢያ ‹ፕሪኤክላምፕሲያ› ብለው ጽፈውላታል። ጎረቤት ግን እርግዝና ነው፣ ሲወለድ ይተዋታል ይላል።» (ከመንዝ)

እናቴ፣ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። አምቡላንስ እንዲጠራላችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩ።

ፕሪኤክላምፕሲያ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ልኬቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ሽንት ስጪ የምንለው ለዚህ ነው። የእግር እብጠት ብቻውን በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል። ፊት ሲነፋ፣ ቀለበት ከጣት አልወልቅ ሲል፣ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በስተቀኝ ሲያም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዝም ከተባለ ወደ ኤክላምፕሲያ ሊለወጥ ይችላል። ያኔ ነፍሰ ጡሯን ይጥላታል፣ ያንቀጠቅጣታል። አንዳንዱ ጋኔን ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልጋት በጎኗ ማስተኛትና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እዚያ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፤ መንቀጥቀጡን ያቆማል፣ እንዳይደገምም ይከላከላል። ዋናው መድኃኒት ግን መውለዱ ራሱ ነው። ከወለደች በኋላም በአራስነቷ ሊነሳ ስለሚችል ቶሎ ግፊቷን ያስለኩላት። በሽልም ያውጣት!

«ለደም ማነስ የሰጡኝ ክኒን ሰገራዬን አጠቆረው። ላቁመው?» (ከደብረ ብርሃን)

አታቁሚው። መጥቆሩ ክኒኑ ውስጥ ካለው ብረት ነው፣ አይጎዳም። ክኒኑን ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂ፤ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዛል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ቆላ ላለችው ለሸዋ ሮቢት ሴት በቂ የሆነ ቁጥር ላንቺ ሊያንስ ይችላል።

«ልጁ ‹ብሪች› ነው ብለውናል። ሚስቴ 7 ወሯ ነው። ቤታችን ከመኪና መንገድ ሩቅ ነው።» (ከአንኮበር)

ወንድሜ፣ ብሪች ማለት ልጁ በጭንቅላቱ ሳይሆን በመቀመጫው ወይም በእግሩ ወደ ታች ዞሯል ማለት ነው። በ7 ወር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ አብዛኞቹም በራሳቸው ይዞራሉ። በ36ኛው ሳምንት እንደገና አሳዩዋት። ካልዞረ ልታምጥ የሚገባት ኦፕራሲዮን መሥራት በሚቻልበት ሆስፒታል ነው። ሆዷን ማንም እንዳያሻት፣ እንግዴ ልጁ ሊላቀቅና ደም ሊፈሳት ይችላል። ምጥ እስኪመጣ ቤት አትጠብቁ። የእናቶች ማቆያ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቃችሁ መውለጃዋ ሳይደርስ ትግባ።

«42 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ደም ያየኛል። ለማን ልናገር?» (ከአጣዬ)

እህቴ፣ ነውር የለውም። ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ግን መታየት አለበት። የማህፀን በር ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ አሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ) ቀብተን በዓይን እናያለን፣ የሚነጣ ቦታ ካለ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በዚህ ደረጃ ሲገኝ ይታከማል። መንስኤው በአብዛኛው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ሴት ልጅ ካለሽ ትምህርት ቤት ሲመጡ እንዳታስቀሪያት።