«ካርታ» ሲሏችሁ የትኛውን ካርታ?

ወደ ጣሊያን አዲስ ለምትመጡ እኅቶቼና ወንድሞቼ አስቀድሜ የምመክረው «ካርታ» የተባለውን ቃል በጥንቃቄ እንድትሰሙ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ ገብቶ አብሮን ስለኖረ የምናውቀው ይመስለናል፤ የሚያሳስተንም ይኸው ነው። በአገራችን ካርታ ማለት የአገር ካርታ፣ የመጫወቻ ካርታ፣ አለዚያም የቤትና የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ ነው። ጣሊያኖች ዘንድ ግን ካርታ ከሁሉ በፊት ወረቀት ነው፤ መታወቂያው፣ የባንክ ካርዱ፣ የምግብ ቤት ዝርዝሩ፣ ሕገ መንግሥቱ ሳይቀር ከዚሁ ስም የወጡ ናቸው። የቤት ካርታ የምንለውን ግን በዚህ ስም አይጠሩትም፤ ቤት ሲገዛ ውል በሚያጸድቀው የሕግ ሰው፣ በኖታዮ ፊት የሚፈረመው ውል «ሮጂቶ» ይባላል።

ስሕተቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ቢሮ ውስጥ ነው። «ካርታ ዲዴንቲታ» በነዋሪነት የተመዘገባችሁበት ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) የሚሰጣችሁ መታወቂያ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአገር ለመውጣት አያገለግልም፤ የመኖሪያ ፈቃድንም አይተካም። «ካርታ ዲ ሶጆርኖ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ፈቃድ የሰጠው ስም ነበር። በ2007 ስሙ ተለውጦ የረጅም ጊዜ ነዋሪዎች «ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ» (የመኖሪያ ፈቃድ) ቢባልም፣ የእኛም ሰው ጣሊያኖቹም እስከ ዛሬ በአሮጌው ስም ይጠሩታል። ይህን ፈቃድ ለማግኘት አምስት ዓመት በሕጋዊነት መኖር፣ በቂ ገቢ ማሳየትና ኤ2 በሚባለው መሠረታዊ ደረጃ ጣሊያንኛ ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው ፈቃድም ዛሬ በካርድ መልክ ስለሚሰጥ፣ የአንድ ዓመት ፈቃድ የያዘ ሰው ካርዱን አይቶ «ካርታ ዲ ሶጆርኖ አለኝ» ሲል፣ በፎርም ላይም እንዲሁ ሲሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ካርዱ ላይ የተጻፈውን የፈቃድ ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ።

በኮሙኔው መስኮት የነዋሪነት ማስረጃ ስትጠይቁ ሠራተኛዋ «ኢን ቦሎ ኦ ኢን ካርታ ሊቤራ?» ትላችኋለች። «ካርታ ሊቤራ» ቃል በቃል «ነጻ ወረቀት» ማለት ቢሆንም፣ የምትጠይቃችሁ ማስረጃው የቴምብር ቀረጥ ይከፈልበት ወይስ አይከፈልበት እንደሆነ ነው። «ኢን ቦሎ» ካላችሁ የ16 ዩሮ ቴምብር ትከፍላላችሁ። ነጻ የሚሆነው ሕጉ ለዘረዘራቸው ጉዳዮች ብቻ ስለሆነ፣ ማስረጃውን የጠየቃችሁን ክፍል ለምን እንደፈለገው አስቀድማችሁ ጠይቁትና ያንኑ ለመስኮቷ ሠራተኛ ንገሩ። ቴምብሩ የሚሸጠው ትምባሆ ቤት ነው፤ እዚያው «ካርቲና» ብላችሁ የከተማ ካርታ ብትጠይቁ ግን የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ «ማፓ» ማለት ይሻላል።

ሰው ቤት ለምትሠሩ፣ «ካርታ ዳ ፎርኖ» ምድጃ ውስጥ የሚነጠፈው፣ «ካርታ ዳ ኩቺና» ደግሞ የወጥ ቤት መጥረጊያው ነው። ቆሻሻ ስትለዩ የሱቅ ደረሰኝ ወረቀት ቢመስልም ወደ ወረቀቱ መጣያ አይገባም።

ከሁሉ የከበደው አነጋገራቸው ነው። አንዲት አሮጊት የምታስታምም እኅታችን አንድ ምሽት እያለቀሰች ደወለችልኝ። የአሮጊቷ ልጅ ወጥ ቤት ገብታ እጇን ይዛ «ፋሬይ ካርቴ ፋልሴ ፔር ኖን ፔርደርቲ» ብላታለች። እኅታችን «የሐሰት ወረቀት» የሚለውን ብቻ ለይታ ስለሰማች፣ በሰነዷ የተጠረጠረች መስሏት ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀምራ ነበር። ሴትዮዋ ያለቻት ግን «አንቺን ላለማጣት የማላደርገው ነገር የለም» ነው። ያን ያህል የምትወደድበትን ቤት በአንድ ቃል ምክንያት ለቃ ልትወጣ እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እንዲሁም «ሌ ካርቴ ኢን ሬጎላ» አለው ሲባል ሰነዱ የተሟላ ነው ማለት ቢሆንም፣ ለሥራው ብቁ ነው ለማለትም ይነገራል፤ የቀጣሪያችሁ ዘመድ ይህን ቢላችሁ ምስጋና ሊሆን ይችላልና አትደንግጡ።

«ካምቢያሬ ሌ ካርቴ ኢን ታቮላ» ግን ከካርታ ጨዋታ የመጣ ሲሆን፣ ከተስማሙ በኋላ ውሉን መለወጥ ማለት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ትሠራላችሁ ተብላችሁ ገብታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ስትሠሩ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ረጋ ብላችሁ ብትናገሩት ጣሊያናዊ ቀጣሪ በሚገባ ይረዳችኋል። ለዚህ የሚረዳችሁ ሌላው አባባላቸው «ካርታ ካንታ» ነው፤ ወረቀት ይዘምራል ማለት ነው፤ የእኛም አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የተፈረመውን ውል፣ የየወሩን የደመወዝ ወረቀትና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ በዓመተ ምሕረት ለይታችሁ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ፤ ፈቃዳችሁን ለማደስ ኩዌስቱራ (የፖሊስ መሥሪያ ቤት) በቀረባችሁ ቀን ገቢያችሁን የሚመሰክርላችሁ ያ ማኅደር ነው።